ሸማኔው ሰንፎ አይደለም

«ረቂቅ ሥራ» ሲባል ብዙዎቻችን የጭንቅላት ሥራ ይመስለናል፤ ኮድ መጻፍ፣ ዲዛይን መሥራት ምናምን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ካርል ማርክስ ሊል የፈለገው ግን ሌላ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ሥራም እንደ እሱ አባባል ረቂቅ ጎን አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» መጀመሪያ ላይ፣ 20 ያርድ የተልባ እግር ጨርቅ በአንድ ኮት ሲለወጥ ሁለቱን እኩል ያደረጋቸው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መሸመንና መስፋት አይመሳሰሉም። ገበያው ግን ማን ሸመነ፣ ማን ሰፋ አይልም። ልዩነቱን ትቶ ሁለቱንም የሰው ድካም ብቻ አድርጎ ያስተያያቸዋል። ረቂቅ ሥራ የተባለው ይሄ ነው። በዓይን አይታይም፤ የሚታየው መሸመኑ ነው።

አሪስቶትል 5 አልጋ ከአንድ ቤት ጋር እኩል ነው እስከማለት ደርሶ፣ እኩል የሚያደርጋቸውን ነገር ሳያገኝ ቀርቷል። ባሪያና ጌታ ባለበት አገር የሰው ሁሉ ሥራ እኩል ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም ነበር ይላል ማርክስ። ይቺ ነገር ደስ ትለኛለች።

እና ምን ይጠበስ? ትሉ ይሆናል። ድካሙ የሚለካው በጊዜ ነው፤ ግን አንተ በፈጀብህ ጊዜ አይደለም። በዘመኑ ባለው መሣሪያና ችሎታ በአማካይ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ማርክስ የእንግሊዝን የእጅ ሸማኔዎች ምሳሌ ያደርጋል። በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ ሲመጣ ለዚያው ጨርቅ የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የእጅ ሸማኔው እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ይሠራል፤ የሚቆጠርለት ግን ግማሽ ሰዓት ነው።

አሁን ሽሮ ሜዳን አስቡ። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እያለ አንዱን ልብስ ለመጨረስ ቀናት ይፈጅበታል። ገበያው ላይ ከእሱ ልብስ ጎን ጥለቱ በማሽን የታተመ የፋብሪካ ቀሚስ ተሰቅሏል። «ያኛው እኮ በዚህ ዋጋ ይሸጣል» ብለን ስንከራከር፣ የእሱን ቀናት በማሽኑ ደቂቃ እየለካን ነው። እጁ አልሰነፈም፤ ጥበቡም አልቀነሰም። በእርግጥ የእጅ ሥራ ነው ብሎ ጨምሮ የሚገዛ አለ፤ ለዚያ ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። ለበዓል ነጭ ልብስ ካገኘ የሚበቃው ገዢም ግን አለ።

አብዛኞቹ የዛሬ ኢኮኖሚስቶች የዕቃ ዋጋ በሥራ ጊዜ ይወሰናል የሚለውን አይቀበሉም። እኔም ለሁሉ ነገር ይሠራል ብዬ አልሟገትም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ገቢው የቀነሰ ሁሉ «ጠንክሮ ስላልሠራ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎች በየቀኑ ስልኬ ላይ ይመጣሉ። ሸማኔው ከእነሱ በፊት ተነስቶ መሥሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ያህል ይጠንክር? ማሽኑን በእጁ እንዲቀድመው ነው?