ያላነበቡትን ስለሚያመሰግኑ ሰዎች

ባለፈው ዓመት ወዳጆቻችን «አንብቡ» ያሉንን መጻሕፍት ሁሉ፤ ብንወድም ባንወድም፤ ስናነብ ከረምን። ብዙ አተረፍን፤ አንድ ነገር ግን አስቈጣን። አንድ የሥራ ባልደረባችን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በየስብሰባው ያመሰግን ነበር። ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከዐዋቂው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ ያስረዳል፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። ስለዚሁ ነገር ልንጫወት ወደ ባልደረባችን ብንሄድ፤ «እንዴት ያለ ልብ ወለድ ነው!» አለን።

እንግዲህ ይህ ምስጋና ከነቀፋ በምን ይሻላል? ነቃፊ እንኳ ለመንቀፍ ሲል መጽሐፉን ይገልጣል፤ ያላነበበ አመስጋኝ ግን የደራሲውን ድካም በምስጋና ከፍኖ ይቀብረዋል። ተማሪዎችም ይህን ከእኛው ይማራሉ።

ባልደረባችን መጽሐፉን ተውሶን ከወሰደ ሦስት ወር ሆነው፤ ካነበበው አንጠይቀውም።