ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሚጠቅም ምክር

ማናቸውም ሰው ሥራው በወንበር ላይ ሆኖ፥ ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በአውቶሞቢል የሚመላለስ፥ ማታም ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ መኝታው የሚሄድ እንደ ሆነ፥ እግሮቹ ለጌጥ ብቻ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነገሩ ግን ከሣቅ አልፎ ከባድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓመት በዓለም ካሉት አዋቂዎች ከ100 ሰው 31 ያህሉ ለጤና የሚበቃ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ይህም ልማድ የልብ በሽታን፥ የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ይጋብዛል። የቤት አባት ወይም እመቤት በዚህ ምክንያት ያለ ዕድሜ የተለዩ እንደ ሆነ፥ ጕዳቱ የሚወድቀው በልጆች ላይ ነው።

ይኸው ድርጅት በ2020 ዓመት ባወጣው መመሪያ፥ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በመጠኑ እንዲንቀሳቀስ መክሯል። ትንሹ ልክ በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው።

ይህን ያልሰማ የተማረ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያስቸግረው ዛሬ ነገ ማለት ነው። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ሰውን የሚያተጉ ድረ ገጾች አዘጋጁ። ከነዚህም አንዱ በአውስትራሊያ አገር፥ በክዊንስላንድ ግዛት፥ በሮክሃምፕተን ከተማ በ2001 ዓመት የተጀመረው «10,000 እርምጃ» የተባለው ሥራ ነው። ሰዎቹ እርምጃ የሚቈጥር ትንሽ መሣሪያ ታጥቀው ይውሉና ቍጥሩን በድረ ገጹ ይጽፋሉ፤ የትናንቱንም ከዛሬው ጋራ ያስተያያሉ፤ ከሥራ ባልደረቦቻቸውም ጋራ ይፎካከራሉ። ሥራው ከከተማይቱ አልፎ ወደ ሌላውም የአውስትራሊያ ክፍል ተዘርግቷል።

10,000 የሚለው ቍጥር ግን ከሐኪም ሕግ የወጣ አይደለም። በ1965 ዓመት በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበ አንድ የእርምጃ መቍጠሪያ «የዐሥር ሺሕ እርምጃ መለኪያ» የሚል ስም ስለ ነበረው፥ ቍጥሩ ከዚያ ተለመደ። ስለዚህ በቀን 3,000 ይራመድ የነበረ ሰው 4,000 ቢያደርስ ተጠቀመ እንጂ አላፈረም።

ሊቃውንቱ መርምረው እንዳገኙት፥ ምክር ብቻ ከሚያስነብብ ድረ ገጽ ይልቅ፥ ሰው ግቡን ራሱ እንዲወስንና የሠራውን በየቀኑ እንዲመዘግብ የሚያደርገው ይበልጥ ይረዳል። ይህም ሆኖ በመጀመሪያው ሰሞን ብዙዎች ይመላለሱበታል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ይተዉታል።

እንግዲህ ድረ ገጹን እንደ መዝገብ ቤት ጸሓፊ ቍጠሩት። ጸሓፊ የተሠራውን ይመዘግባል እንጂ ስለ ጌታው ሆኖ አይራመድም። ባለቤታችሁን ወይም ልጃችሁን የመንገድ ጓደኛ አድርጉ፤ ሰዓቱንም ቍረጡ። ጓደኛ ጫማውን አጥልቆ በደጅ ሲጠብቅ፥ ሰበብ መፍጠር ያሳፍራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለምን? የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ድርጅቱ እንዳለው ጥቂትም እንቅስቃሴ ከምንም ይሻላል። ስለዚህ ለዛሬ 10 ደቂቃ ብቻ ተራመዱ፤ ቍጥሩንም ጻፉ፤ ነገ ደግሞ ከዚያ ላይ ጨምሩበት።