መጽሐፍ ማገላበጥ ሥራ ፈትነት ነውን?

በዚህ ዘመን ብዙ ሰዎች፥ የተማሩትም ሳይቀሩ፥ መጽሐፍ መደብር ገብቶ አንዱን አንሥቶ ሌላውን እያስቀመጡ አንድ ሰዓት መቆየትን እንደ ሥራ ፈትነት ሲቈጥሩት እሰማለሁ። ባለፈው ክረምት ለገሐር አካባቢ ከአንድ መደብር ስወጣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ጐልማሳ አገኘኝና፥ «ጋሼ፥ አሁንም እየዞሩ መጽሐፍ ይፈልጋሉ? እኔኮ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ መጽሐፍ በኪሴ ይዣለሁ» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። «ይባርክልህ፤ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን አንብበህ ጨረስህ?» ብለው ሳቀ፤ ከሳቁም በቀር መልስ አልሰጠኝም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ነገሩን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

አንባቢ ሆይ፥ ስልክ የጠየቁትን ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰው የማያውቀውን ነገር በምን ስም ጠርቶ ይጠይቃል?

ወጣት አስተማሪ ሳለሁ የጂኦሜትሪ መልመጃ ፍለጋ አንድ መደብር ገባሁ። መልመጃው አልነበረም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ግን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አየሁና እንዲያወርዱልኝ ለመንሁ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነበር። በ«ሀ» የሚጀምር ቃል ልፈልግ ብዬ ከመዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ ብገልጥ «ሀ» የለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያውቁትን ግእዝ አላውቅም ነበርና፥ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አፈርሁ። ኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ አለቃ ፊደሉን የደረደሩት በለመድነው በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ኖሯል። ምክንያቱን ለማወቅ ቆሜ ሳነብ ባለ መደብሩ ምንም ሳይናገሩ በርጩማ አመጡልኝ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሥራው ታትሞ ሳያዩ እንደ ሞቱ፥ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም አደራውን ተቀብለው ፈጽመውት በ1948 ዓ.ም. እንደ ታተመ ያን ቀን ዐወቅሁ። በማስተማር ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ መምህርና ተማሪ ማለት ምን እንደ ሆነ እንደዚያ በርጩማ ላይ የገባኝ ጊዜ የለም። በዚያን ዕለት ስልክ በእጄ ቢኖር ኖሮ መልመጃዬን በደቂቃ አግኝቼ ወደ ቤቴ በሄድሁ ነበር። መጽሐፉንም በዚያ ቀን አልገዛሁትም፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነበርና በየወሩ እየከፈልሁ ወሰድሁት።

ያስተማሩን ሚሲዮናውያን መጽሐፍ ከመንካታችን በፊት እጃችንን ያስታጥቡን ነበር። ያን ጊዜ እናጕረመርም ነበር፤ ዛሬ ግን ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ መንገድ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ሳነሣ፥ በውስጡም የማላውቀው ሰው በእርሳስ የጻፈውን ስም ሳይ፥ እጄን ባለመታጠቤ አፍራለሁ።

«በኪሴ ያለው የእኔ ነው» የሚለው አነጋገርም ምርመራ ያስፈልገዋል። በሐምሌ ወር 2001 ዓ.ም. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ገንዘብ ከፍለው ከገዙት ሰዎች የንባብ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ከሁለቱም አንደኛው የተጻፈ ነገርን እያጠፋ ስለሚገዛ መንግሥት የሚናገር ነበር! ምክንያቱ የሸጠው ወገን የማሳተም መብት ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡም ተመልሷል፥ ይቅርታም ተጠይቋል። ይሁን እንጂ በሌሊት ቤት ገብቶ የሸጠውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚያወርድ ባለ ሱቅ ማን አይቷል? በእኛም አገር የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ሳይሰነብት ከየመደብሩ ተለቀመ። ከመደብር ተለቀመ እንጂ ከሰው ቤት ሊለቀም አልተቻለም፤ እየተደበቀ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ።

«መጽሐፍ ተወደደ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ጡረተኛ ነኝና ከእነርሱ ይልቅ እኔ ዐውቀዋለሁ። መደብር በሌለበት ገጠር ያለ አስተማሪ፥ ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ፥ ባሕር ማዶ ያለ ወገን በስልክ ቢያነብ አልነቅፈውም። የምነቅፈው በየቀኑ ሁለት ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በቴሌግራም ለሺህ ሰው በትኖ፥ «ዕውቀት አካፈልሁ» ሲል ነው። የራሱን እንጀራ ያካፈለ ቸር ይባላል፤ የጐረቤቱን ሌማት ገልብጦ ያካፈለውስ ማን ይባላል? አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ፖሊስ በየሰዉ ኪስ ሊቆም አይችልም።

ያ በርጩማ ያመጡልኝ ባለ መደብር ዐርፈዋል። ልጃቸው ሱቁን ጥቂት ዓመታት ይዞት ቆየና ዘጋው፤ ዛሬ በዚያ ቦታ የስልክ ከቨርና ቻርጀር ይሸጥበታል። ሊዘጋው ሲል፥ «ሰው ይገባል፥ የመጽሐፉን ሽፋን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፥ ይወጣል» አለኝ። ማገላበጥና መሰለል አንድ እንዳልሆነ ለእርሱ መንገር አላስፈለገኝም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ተማሪዎቼ የላኩልኝን ሁለት መጻሕፍት በስልኬ አንብቤያለሁ። አንደኛውን ኋላ ገዝቼ ከመደርደሪያዬ አኑሬዋለሁ። ሁለተኛውን ግን በአራት መደብር ጠይቄ አላገኘሁትም፤ አምስተኛው መደብር ያ የተዘጋው ነበር።