የተከላካዩን ስም ማን ይጥራ?

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን ኳስ ለማየት ስንሰበሰብ፣ ስለ አንድ የዩክሬን ተከላካይ የማንናገረው ነገር የለም። ኦሌክሳንደር ዚንቼንኮ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር አራት ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን መሆኑን፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወደ አርሴናል መዛወሩን አንዳችን ለሌላው እናስተምራለን። ይህን ማወቃችን አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው የራሳችንን ተከላካዮች ስም ስንጠየቅ ዝም ማለታችን ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። መንግሥቱ ወርቁን፣ ወንድማማቾቹን ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎን እናወድሳለን፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን መደበኛው ሰዓት ያለቀው 2 ለ 2 ነበር። በተጨመረው 30 ደቂቃ ያገባናቸው ሁለት ጎሎች ዋንጫ ያስገኙት ግብጽ አንድም ስላላገባች ነው። በኋላ መስመር የቆሙትን እነ ክፍሎም አርአያንና አስመላሽ በርሄን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃቸዋል?

ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ በደቡብ አፍሪካ ከባለ ዋንጫዋ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቢሆንም በ10 ሰው 1 ለ 1 ተለያየን። ጎሉን ያገባው የአዳነ ግርማ ስም በሁሉም አፍ ገባ። በዚያ ዘመን የብሔራዊ ቡድኑ አምበል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስም የብዙ ዓመት ተከላካይ የነበረው ደጉ ደበበ ግን የዚያን ያህል አልተወራለትም።

«ጎል ያላገባን ሰው በምን እናመስግነው?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ጀግና ይባላል፤ ተከላካይ 89 ደቂቃ ጠብቆ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ጥፋተኛ ይሆናል። ይህ ፍርድ ነውን? ጎረቤታችን አንኮበር እንኳ በስሟ ውስጥ «በር» የሚል ቃል ይዛለች። የሸዋ ነገሥታት በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሲቀመጡ መግቢያውን የሚጠብቅ ሰው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

የዚህ ፍርድ ጉዳት በግቢያችንም ይታያል። በየትምህርት ክፍሉ ግጥሚያ ሁሉም አጥቂ መሆን ይሻል፤ ወደ ኋላ የሚላከው ዘግይቶ የመጣው ወይም ኳስ አይችልም የተባለው ነው። ከዚያም አራት ጎል ሲገባብን በረኛውን እንሰድባለን። ማንም የማያመሰግነውን ሥራ ማን ወድዶ ይማረዋል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በዚህች መጽሔት የሚወጣው የጨዋታ ዘገባ ከጎል አግቢዎቹ ጋር የተከላካዮቹንም ስም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለኮከብ ጎል አግቢ ሽልማት በሚሰጥበት ዕለት ለኮከብ ተከላካይም እኩል ሽልማት ይሰጥ። የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። የዚህ ዓመት ግጥሚያ ሳያልቅ ማኅበራችን ተወያይቶ ይወስንበት።