ስለ ኢንሱሊንና ስለ ቦርጭ፤ ግልጽ ደብዳቤ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው አንባቢ

ውድ አንባቢ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በከተማችን ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ እስከ ቡና ቤት በረንዳ የሚደጋገም አንድ ጥያቄ ነው። «ኢንሱሊንን የሚያስተካክልና ቦርጭ የሚያጠፋ እንክብል መጥቷል ይባላል፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ለአንዱ ውጭ ያለ ዘመዱ የክሮሚየም እንክብል ልኮለታል። ሌላዋ ጠዋት ጠዋት ቀረፋ በሙቅ ውሃ ትጠጣለች። ጥቁር አዝሙድ በማር የሚውጥም አለ። ስለ ጤናው የሚጠይቅ ሰው ሊከበር ይገባዋል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርዎ።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር ጡንቻና የስብ ሕዋሳት እንዲወስዱት፣ ጉበትም ስኳር ማምረቱን እንዲቀንስ ያዛል። ይህ ሥርዓት በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት ሳይታዘዝለት ሲቀር ነው። ሆድ አካባቢ፣ እንዲሁም ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስብ ሲከማች ትእዛዙ ይደክማል፤ ቆሽትም ለማካካስ አብዝቶ ሲያመነጭ ዓመታት ይቆይና በመጨረሻ ይዝላል። ሁለተኛው ኢንሱሊኑ ራሱ ሲጎድል ነው። ስለ እንክብል ከመጠየቅዎ በፊት ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳሉ ማወቅ አለብዎት። በእኛ ደጋ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ከዓባይ ማዶ ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ ኤልድሪድ ፓሪና ባልደረቦቻቸው የገጠር የስኳር ሕሙማንን ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጎንደርና ጅማን ይዘው ያሳተሙት ጥናት አንድ የተለየ ታካሚ ያሳየናል። ቀጭን፣ ወጣት፣ ብዙ ጊዜ ወንድ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ገበሬ፣ ኢንሱሊን ካልተወጋ የማይኖር ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ በልጅነት የተራበ አካል ቆሽቱም ይጎዳ ይሆን የሚለው የቆየ ጥያቄ እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ሰይሞታል። እኔ ይህን ዜና ሳነብ የታየኝ የእኛው አገር ገበሬ ነው። የሕክምናው መጽሐፍ ስለ ወፍራም ሰው ሲጽፍ እሱ ሳይጻፍ ቆይቷል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ወይም የቤትዎ ሰው ቀጭን ሆኖ ውሃ ጥም ከበዛበት፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ከተነሣ፣ ሳይፈልግም ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን ስለ መታዘዙ የሚወራው ሁሉ እሱን ላይመለከተው ይችላል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው በምግብ፣ በቅጠል ወይም በጸበል ተማምኖ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ጸበሉንም መርፌውንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ይህን የሚመክሩ አባቶች ስላሉ ያመሰገንኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ቦርጫሙ ልመለስ። የከተማው ኑሮ ይታወቃል። በእግር የሚኬደው መንገድ ለባጃጅ ተሰጥቷል፤ ጠዋት ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ውስጥ ሦስት አራት ማንኪያ ስኳር፣ ቀትር ላይ ወደ 30 ግራም ስኳር የያዘ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ማታ ቢራ። እንክብል ሻጮች «ኢንሱሊንዎ ከተስተካከለ ስቡ በራሱ ይቀልጣል» ይላሉ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። በአብዛኛው የሚሆነው ሰው ክብደቱ ሲቀንስ ከጉበቱ ውስጥ ስቡ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ሰውነቱ ለኢንሱሊኑ ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ከ3,200 በላይ ለስኳር የተቃረቡ ሰዎችን ይዞ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። በብሪታንያ የተደረገው ሌላ ጥናትም ከ15 ኪሎ በላይ ከቀነሱት ሕሙማን አብዛኞቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከስኳር ሕመም መጠን በታች እንደወረደ አሳይቷል።

እንግዲህ ምን እንብላ? እዚህ ላይ ከጮቄ ተራራ ውጭ ወደ ሌላ ቦታ መመልከት አያስፈልገንም። በስናን ወረዳ ከረቡዕ ገበያ በላይ ያለው ደጋ የገብስ አገር ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር አለው፤ ሆድ ውስጥ ወፍሮ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ግን አፈጫጨቱን ያስቡበት። ቆሎው በጥርስ ሲቆረጠም ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ቅንጬውም ከዱቄት ይሻላል። ልሞ የተፈጨ በሶ በስኳር ተበጥብጦ ሲጠጣ ግን ከገብሱ ጥቅም ብዙውን ያጣል። ጭኮም ጣፋጭ ነው፤ ቅቤው ግን ለተራራ መንገደኛ እንጂ ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውል ሰው አልተሠራም።

ጤፋችን፣ የየትመኑም የቢቸናውም፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ከነቅርፊቱ ይፈጫል፤ ማግኒዝየምና አሰር ስላለው በጠላትነት አላየውም። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ሁለት እንጀራ በቀጭን ወጥ ከመብላት አንዱን በወፍራም ወጥ መብላት ሌላ ውጤት አለው። የጤፍ ዋጋ ከናረ ወዲህ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ በየሱቁ ይሸጣል፤ ነጭ ሩዝ የደም ስኳርን ቶሎ ያንራልና ገዥ ሆይ፣ ጠይቀው ይግዙ። ከሁሉ በላይ የምወድልዎ ጥራጥሬውን ነው፤ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። የጥራጥሬ ስኳር ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው፤ እንዲያውም በአንድ ማዕድ የተበላ ምስር በሚቀጥለው ማዕድ የሚነሣውን ስኳር ጭምር እንደሚቀንስ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ጓያን ግን ከዚህ አላስገባም፤ አብዝተው ሲመገቡት እግር የሚያሽመደምድ እህል ነው።

ጾምን ወደ ክብደት መቀነሻነት ዝቅ ማድረግ አልፈልግም፤ የሚጾመው ለሌላ ነው። ነገር ግን የጾም ገበታችን ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ተልባና ኑግ የነበረ መሆኑ ለሰውነታችን ታላቅ ሀብት ነው። የሚያሳዝነኝ ያ ገበታ በነጭ ዳቦ፣ በማርማላታ፣ በሳምቡሳና በጥብስ ድንች መተካቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በእነዚህ የሚፈታ ሰው ረሃቡን እንጂ ጥቅሙን አላገኘም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከጾም በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ሲውል ስኳሩ አደገኛ ሆኖ ሊወርድ ይችላል፤ በባዶ ሆድ አረቄ ከተጨመረማ ጉበት ስኳር ማውጣቱን ስለሚገታ አደጋው ይብሳል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት አላት፤ የንስሐ አባትዎን ለመጠየቅ አይፈሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዋጋ የማይጠይቅ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን እገዛ እንኳ ስኳር ይወስዳል። ከራት በኋላ ሃያ ደቂቃ መራመድ ከገበታው የተነሣውን ስኳር ያበርዳል። ከከተማው ዳር ከጎዛምን ቀበሌዎች እህል ተሸክመው ገበያ የሚወጡ እናቶች በ60 ዓመታቸው ቦርጭ የሌላቸው በምን ይመስልዎታል?

ስለ እንክብሎቹ አጭር ልሁን። አብሽ የሚሟሟ አሰር ስላለው ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ትንንሽ ቢሆኑም። ቢጠጡት አልቃወምም፤ ማር ግን አይጨምሩበት፣ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እርጉዝ ከሆኑ አብዝተው አይውሰዱት። ቀረፋና ክሮሚየም ላይ የጥናቱ ውጤት ይምታታል፤ ካሲያ የተባለው የቀረፋ ዓይነት ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ቫይታሚን ዲ ከ2,400 በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት ስኳር እንዳይመጣ በግልጽ አልተከላከለም። በሰውነቱ ምንም ላልጎደለው ሰው ቫይታሚንና ማዕድን መጨመር ስኳርን እንደሚያሻሽል የሚያረጋግጥ ነገር የለም፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጎድሎ ሊገኝ የሚችል አንድ ግን አለ፣ እሱም የእኛን ሰው በተለይ ይመለከታል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ በደንብ እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ እኛ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል እንጾማለን። እግርዎ ቢደነዝዝ ወይም ቢያቃጥልዎ ሁሉንም በስኳሩ አያሳብቡ፤ በቀጠሮዎ ቀን «ቢ12 ይታይልኝ» ብለው ይጠይቁ። ከጠገኑት የሚመለስ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ከዘገዩበት ግን ላይመለስ ይችላል።

ለእርስዎም፣ ይህን ደብዳቤ በውጭ አገር ሆነው ለሚያነቡ ወገኔ፣ ልመና አለኝ። ለእናትዎ የሚልኩት የእንክብል ጠርሙስ በሻንጣው ውስጥ ቦታ ከያዘ ያውጡትና በምትኩ የስኳር መለኪያ መሣሪያና ስትሪፕ ያስገቡ። ሳይበሉ ጠዋት የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ በሽታው ሊኖር ይችላልና በጤና ተቋም ይረጋገጥ፤ ሐኪሙም እናትዎ ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነታቸው ያልታዘዘላቸው ወይስ ኢንሱሊኑ ራሱ የጎደላቸው መሆናቸውን መመርመር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስትሪፕ ከሌላ ዓይነት መሣሪያ ጋር አይሠራም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ስሙ ምን እንደሆነ ደውለው ይጠይቁ፤ ሲደውሉም ኢንሱሊን ታዞላቸው ከሆነ መርፌያቸውን በሰዓቱ እየወጉ መሆኑን አብረው ይጠይቁ።

አክባሪዎ