የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዓመት ይቆጥባልን? ከወታደራዊ አካዳሚ እስከ ካራንቲና

ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ይዞት የመጣው ዕውቀት በከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ላይ ምን ያህል ይመዘናል? ጥያቄው ለመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ብቻ የተተወ ይመስላል። ዳሩ ግን በቤይሩት ወደብ ጥግ በምትገኘው በካራንቲናና በአካባቢዋ ልጆች ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን እናቶች ጉዳዩ የአንድ ዓመት ክፍያና የአንድ ዓመት ዕድሜ ጉዳይ ነው።

ጥብቁ መልስ ከወታደራዊ ተቋማት ይገኛል። በአሜሪካው ዌስት ፖይንት ወይም በአናፖሊሱ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የተባለውን የላቀ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ዕጩ መኮንን ከአንዳንድ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ነጻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያ ፈንታ ከፍ ያለ ኮርስ ይወስዳል እንጂ ቆይታው አያጥርለትም። የዌስት ፖይንት ሥልጠና 47 ወራት ነው፤ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ እንኳ ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። የሒሳብ ችሎታ በፈተና ይታወቃል፤ የአዛዥነት ጠባይ ግን ከጓዶች ጋር በኑሮ የሚገነባ ነውና።

በሌባኖስም የፋያዲያው የጦር ትምህርት ቤት ሥልጠና ሦስት ዓመት ይፈጃል። የሌባኖስ ባካሎሬያ በዚያ የመግቢያ ቁልፍ ነው፤ ዓመት የሚቀንስ ክፍያ አይደለም። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ከሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን ተቀብሎ ለሦስት ዓመታት ያሠለጥን ነበር።

የሲቪል ዩኒቨርሲቲዎች መንገድ ከዚህ ይለያል። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሌባኖስ ባካሎሬያ የያዘ ተማሪ በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት ይገባል፤ የአሜሪካ ሥርዓት ዲፕሎማ ብቻ የያዘው ግን ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል። ከ2019 ወዲህ የሌባኖስ ገንዘብ ከዘጠና በመቶ በላይ ዋጋውን ባጣበት ሀገር፣ ይህ ልዩነት ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ኢትዮጵያ ሁለቱንም ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መሰናዶ ትምህርት ሲዘረጋ፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ይዘት ወደ ታች ወርዶ ብዙዎቹ የዲግሪ መርሐ ግብሮች ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠሩ። በ2019 ግን በትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታው መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ተመለሰ። ትምህርቱ የሚገልጸው በወረቀት ላይ የሠፈረው የክፍል ስም ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ በእርግጥ የተሰጠው ዕውቀት ነው። ላብራቶሪና ብቁ መምህር በሌለበት ቦታ የተቆጠበው ዓመት ውሎ አድሮ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል።

ለካራንቲና ቤተሰቦች ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው የዜግነት ነው። የሌባኖስ ሕግ ዜግነትን የሚያስተላልፈው በአባት በኩል በመሆኑ፣ አባቱ ሌባኖሳዊ ያልሆነ የስደተኛ እናት ልጅ ቤይሩት ተወልዶ ቢያድግም የፋያዲያው በር አይከፈትለትም። በአንጻሩ የ2003ቱ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁን ኢትዮጵያዊ ያደርገዋል። ስለዚህ የብዙዎቹ ልጆች የከፍተኛ ትምህርት ተስፋ በሀገር ቤት ሊያርፍ ይችላል።

ሁለተኛው የሰነድ ነው። በውጭ ሀገር የተገኘ ማስረጃ በኢትዮጵያ አቻ ግምት የሚሰጠው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ነው። የክፍል ውጤቶች ሙሉ ሆነው ካልተያዙና በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ካልተረጋገጡ፣ በጥሩ ውጤት የተማረ ልጅ እንኳ ያልተማረ ያህል ሊቆጠር ይችላል። በነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የወደቡ ፍንዳታ ካራንቲናን ሲያፈርስ፣ በአንዲት ቅጽበት ቤትና ንብረት እንዴት እንደሚጠፋ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። የውጤት ወረቀቱን ቅጂ ከቤት ውጭ በታመነ ቦታም ማስቀመጥ ከዚያ የሚቀሰም ትምህርት ነው።

ዌስት ፖይንት ዓመት አይቀንስም፤ የቤይሩቱ ዩኒቨርሲቲ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ቀንሳ መለሰች። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ይህ ነው፦ የምንይዘው የምስክር ወረቀት ነገ በምንሄድበት በር ላይ ስንት ይቆጠራል?