ጥርስን ስለ ማንጣት

ጥርሱን ለማንጣት የሚሻ ሰው፥ አስቀድሞ በምን ምክንያት እንደ በለዘ ይመርምር። የቡናና የትምባሆ እድፍ በላዩ የተለጠፈ ስለ ሆነ በመፋቂያና በሐኪም ጠረጋ ይለቃል፤ የማንጫ ሳሙናም ከዚህ እምብዛም አያልፍም። የጥርሱን የራሱን መልክ የሚለውጠው ፔሮክሳይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው መንገድ፥ ከመቶ 10 እጅ ካርባሚድ ፔሮክሳይድ ያለበትን ቅባት፥ ሐኪም በጥርሱ ልክ በሠራው ሽፋን አድርጎ ማደር ነው፤ በሁለት ሳምንት ያህል ውጤቱ ይታያል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ያደጉትን የሚይዛቸው ቡናማ ብልዝ ግን፥ በፍሎራይድ ብዛት ከጥርሱ ጋራ አብሮ የተሠራ ነውና በዚህ ብቻ ተስፋ አይደረግም።

ጥርሳቸውን በሎሚና በከሰል የሚያሹ ወይዛዝርት እንዳሉ እንሰማለን። ለጥቂት ቀን የነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሎሚው ያሟሟው፥ ከሰሉም የፋቀው የጥርስ ልባስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ አካልም ይገለጣል።